በጅማ የሚሸጠው «የጨረቃ ካርታ» ምንም ዓይነት መብት አይሰጥም

ለምረቃ ስጦታ የምትፈልጉ የጅማ ነዋሪዎች ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ባለፈው ሰኔ ለታናሽ እህቴ ምረቃ ብዬ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካገኘሁት ሻጭ አንድ ኤከር፣ ማለትም አራት ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ «የጨረቃ መሬት» በ3,500 ብር ገዛሁ። የባለቤትነት ካርታ ተብሎ የተሰጠኝ ወረቀት ወፍራም፣ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን የእህቴ ስም ከነአባቷ በትክክል ተጽፎበታል። በምረቃው ማግስት የዶርም ጓደኛዋ ከዚያው ሻጭ የተገዛላትን ይዛ መጣች፤ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው የቦታው ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ አንድ ሆኖ አገኘነው። ቀዩን ማኅተም በጣቴ ስዳብሰውም ከጽሑፉ ጋር አብሮ የታተመ ሥዕል እንጂ የተመታ ማኅተም አልነበረም።

ይሁንና ቁጥሮቹ ቢለያዩም ኖሮ ሽያጩ ዋጋ አይኖረውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የጸናው የህዋ ስምምነት በሁለተኛው አንቀጹ፣ ጨረቃም ሆነች ሌሎች የሰማይ አካላት የሉዓላዊነት ጥያቄ በማንሳት፣ በመጠቀም፣ በመያዝ ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ የየትኛውም አገር ይዞታ ሊሆኑ እንደማይችሉ ይደነግጋል። ሻጩ «የተከለከለው አገር እንጂ ግለሰብ አይደለም» ብሎ ነበር ያሳመነኝ። እዚህ ከተማችን ውስጥ አንድ ካርታ ዋጋ የሚኖረው ግን ማዘጋጃ ቤት ስለመዘገበውና ክርክር ቢነሳ ፍርድ ቤት ስለሚቀበለው ነው። በጨረቃ ላይ ሥልጣን ያለው መንግሥት ከሌለ፣ መዝጋቢም ሆነ አስከባሪ አይኖርም። ግሪጎሪ ኔሚትዝ የተባለ አሜሪካዊ ኤሮስ የተሰኘችው አስትሮይድ (ፀሐይን የምትዞር ትንሽ አለታማ አካል) የእኔ ናት በማለት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 መንኮራኩር ያሳረፈባትን ናሳን የማቆሚያ 20 ዶላር ጠይቆ ነበር፤ የአገሩ ፍርድ ቤቶች ግን ክሱን ውድቅ አደረጉበት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሻጩ እውነተኛ ታሪክ እየጠቀሰ ማሳመኑ ነው። ሪቻርድ ጋሪዮት የተባለ ሰው ጨረቃ ላይ የቀረችውን ሉኖኮድ 2 የተባለች የሶቪየት ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ በ68,500 ዶላር መግዛቱ እውነት ነው። የገዛው ግን ተሽከርካሪዋን እንጂ የቆመችበትን መሬት አይደለም፤ ያው ስምምነት ወደ ህዋ የተላከ ቁስ ባለቤትነቱ እንደተጠበቀ እንደሚቆይ በስምንተኛው አንቀጹ ይገልጻል። ሻጩ የሚያነሳው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአሜሪካ ሕግም ዜጎች ከህዋ አውጥተው በእጃቸው ባስገቡት ማዕድን ላይ መብት ይሰጣል እንጂ ቦታ አያድልም፤ እንዲያውም አሜሪካ በየትኛውም የሰማይ አካል ላይ ሉዓላዊነት እንደማትጠይቅ በግልጽ አስፍሯል።

የከፈላችሁ ካላችሁ የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉት፤ ወረቀቱንም አትጣሉት። በማይገባ አቀራረብ ሰውን አሳስቶ ጥቅም ማግኘት በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ የማታለል ወንጀል ነው። እኔና የእህቴ ጓደኛ ቤተሰቦች ሁለቱን ወረቀቶች አያይዘን ለፖሊስ አመልክተናል። ከዚሁ ሻጭ የገዛችሁ ሁሉ በወረቀታችሁ ላይ ያለውን የቦታ ቁጥር እርስ በርስ አስተያዩና ተመሳሳይ ሆኖ ካገኛችሁት ወረቀቱን ይዛችሁ ቃል እንድትሰጡ እለምናችኋለሁ።