በቱሉ ዲምቱ ለድባቴ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ አንድ ማዕከል፦ የታካሚ ግምገማ

ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም ሳይርቅ፣ በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ የሥነ ልቦና ምክር ማዕከል ተከፍቷል። ከምስጋናው ጋር ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም። በከተማዋ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች ስለ ድባቴ ባለሙያ ማነጋገር ስንፈልግ ታክሲ እየቀያየርን ወደ መሃል ከተማ መውጣት ነበረብን፤ ከአልጋ መውረድ ያቃተው ሰው ደግሞ ያን ሰልፍና ያን ግፊያ በየሳምንቱ ይችለዋል ብሎ መጠበቅ የማይሆን ነገር ነው። በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ማዕከሉ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ጥያቄው ውስጥ የሚሰጠው ሕክምና ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው በምዘና ነው። ባለሙያዋ ፒኤችኪው-9 የተባለውን መጠይቅ በአማርኛ ያነባሉ፤ ታካሚው ዘጠኙ የድባቴ ምልክቶች ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል እንዳስቸገሩት ከ0 እስከ 3 ባለው ቁጥር ይመልሳል። ድምሩ እስከ 27 ሊደርስ ይችላል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው። ወረቀት አስሞልተው ወዲያው ወደ ሒሳብ ክፍል የሚልኩ ቦታዎች አሉ፤ እዚህ ግን ቁጥሩ ከመደመሩ በፊት ስለ ራስ ምታቱ፣ ስለ ሰውነት መዛሉ፣ ስለ እንቅልፉ በዝርዝር ተጠይቄአለሁ። ብዙዎቻችን ሐዘናችንን አስቀድመን የምንናገረው በሰውነታችን ሕመም ስለሆነ ይህ ጥያቄ ከመጠይቁ ያልተናነሰ ጥቅም አለው። ሞትን ስለመመኘት የሚያነሣውን ዘጠነኛውን ጥያቄም ባለሙያዋ አይዘሉትም፤ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ይጠይቃሉ፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ ሰውየው ያሰበው ነገር ካለ፣ ከማንስ ጋር እንደሚኖር ይጠይቃሉ። እንዲህ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡ ያልነበረውን ሰው ወደ ሐሳቡ አይመራውም፤ ለነበረው ግን እፎይታ ነው።

ለእኔ የመረጡልኝ ቢሄቪየራል አክቲቬሽን የሚባለውን አካሄድ ነው። መነሻው ቀላል ነው፦ በድባቴ የተያዘ ሰው ምንም ስለማያስደስተው ከሥራም ከሰውም ይርቃል፤ በራቀ ቁጥር ደስ ሊያሰኘው የሚችል አጋጣሚ እየቀነሰ ይሄድና ድባቴው ይከፋል፤ ስለዚህ ፍላጎቱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ ድርጊቱ ይቀድማል።

«ትናንት ከሰዓት ምን ሠሩ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ምንም ሲሉ፣ የት ሆነው ነው?»

«አልጋ ላይ። ስልክ እያየሁ።»

«እንግዲያው እሱን ይጻፉት፤ ስሜትዎ ከዐሥር ስንት እንደነበረም አጠገቡ ያስቀምጡልኝ።»

የሰጡኝ ሠንጠረዥ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚጀምርና በየሰዓቱ የተከፋፈለ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስሞላው ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ጨለማ እንዳልሆነ ታየኝ፤ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ያለው ጊዜ ከሁሉ የከፋ ነበር፣ የጎረቤቴን ልጅ ሒሳብ ያስጠናሁበት ሰዓት ደግሞ ሳላስበው ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ያለ ቁጥር ይዟል። ባለሙያዋ ከዚያ ተነሥተው የሰጡኝ የቤት ሥራ «ይዝናኑ» የሚል አልነበረም፤ ልጁን ማክሰኞና ሐሙስ ከ9 ሰዓት ጀምሮ እንዳስጠናው፣ ጠዋት ደግሞ እስከ አደባባዩ ሄጄ ዳቦ ገዝቼ እንድመለስ ነበር። ሳላደርገው ስቀር አልወቀሱኝም፤ ምን እንዳገደኝ ጠየቁኝ። ጭቃው ነበር። የክረምቱ ዝናብ እስኪያባራ በሚል የእግር ጉዞው ደረጃ በመውጣትና በመውረድ ተተካ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ አይቸግርም።

አካሄዱ ለሕክምና ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ማስረጃው ከቀላልነቱ በላይ ጠንካራ መሆኑን ቢያውቅ ጥሩ ነው። በ1996 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኒል ጃኮብሰንና ባልደረቦቹ ባደረጉት ጥናት፣ እንቅስቃሴን የመመለሱ ክፍል ብቻውን ሐሳብንም ድርጊትንም አብሮ ከሚያክመው ከሙሉው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ያላነሰ ውጤት አስገኝቷል። በ2016 በእንግሊዝ 440 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናትም ብዙ ልምድ የሌላቸው ሠራተኞች ይህን አካሄድ ሲሰጡ፣ ከፍ ያለ ሥልጠና ባላቸው ባለሙያዎች ከሚሰጠው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ እንደማያንስ፣ ወጪውም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ከዚህ የሚበልጥ ጠቃሚ ዜና ያለ አይመስለኝም።

ማዕከሉን ከሌሎች የሚለየው ግን ቅዳሜ ከሰዓት ለሴቶች የሚያዘጋጀው የቡድን ሕክምና ነው። እኔ አልተሳተፍኩበትም፤ የምጽፈው አንዲት ጎረቤቴ እንድጽፈው ፈቅዳ የነገረችኝን ነው። አካሄዱ ኢንተርፐርሰናል ቴራፒ ይባላል፤ ጄራልድ ክለርማንና ሚርና ዋይስማን በ1970ዎቹ በአሜሪካ ያዳበሩት ሲሆን፣ ድባቴን ከአራት ነገሮች ከአንዱ ጋር አያይዞ ይመለከተዋል፦ ከሐዘን፣ ከቅርብ ሰው ጋር ካለ ጠብ፣ ከኑሮ ለውጥ ወይም ከብቸኝነት። ከእኛ ሰፈር ጋር የሚገጥመው ሦስተኛው ነው። ጎረቤቴ ከመሃል ከተማ ከተነሣች ወዲህ ዕድሯ፣ የቡና ጓደኞቿ፣ በዱቤ የምትወስድበት ሱቅ ሁሉ ተበትነዋል፤ በአዲሱ ብሎክ ደግሞ በር ዘግቶ መኖር ልማድ ነው። ዘመዶቿ «ቤት አገኘሽ፣ ምን ጎደለሽ?» እያሉ ሲጠይቋት መልስ አልነበራትም። በቡድኑ ውስጥ ያጣችውን አንድ በአንድ እንድትናገር፣ ከዚያም ከአዲሱ ኑሮ የሚያዝ ነገር እንድትፈልግ ተደርጓል፤ ውጤቱም ከአንድ ብሎክ የመጡ ሦስት ሴቶች በየተራ ቡና ማፍላት መጀመራቸው ነው። ይህ የቡድን አሠራር ለአፍሪካ ገጠር ሳይቀር እንደሚሆን የታየው በደቡብ ኡጋንዳ ነው፤ በ2003 በታተመው ጥናት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያልሆኑ ነገር ግን የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለ16 ሳምንታት በየሳምንቱ የመሩት ቡድን የድባቴን ምልክቶች በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 የቡድኑን መመሪያ አሳትሟል።

አሁን ወደ ቅሬታው ልለፍ። በማዕከሉ ሁለተኛ አማካሪ አለ፤ የእኔ ባለሙያ ፈቃድ ላይ በነበሩበት ጊዜ ወደ እሱ ተመርቼ ነበር። የሚሰጠው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ እንደሆነ ቢነግረኝም ያደረገልኝ ምክር በአብዛኛው «አዎንታዊ ያስቡ» የሚል ነበር፤ ይህ ደግሞ ከሕክምናው ጋር በስም ብቻ የሚገናኝ ነው። የሕክምናው ጀማሪ አሮን ቤክ በ1960ዎቹ በፊላደልፊያ የጀመረው ሥራ፣ ታካሚው ስለ ራሱ፣ ስለ ዓለምና ስለ ነገ የሚያስበውን ጨለማ ሐሳብ ከማስረጃ ጋር እያስተያየ እንዲመረምር እንጂ በመልካም ሐሳብ እንዲሸፍነው አይጠይቅም። «ልጆቼ ላይ ሸክም ነኝ» የሚል ሰው ይህን ያሳሰበው ምን እንደሆነ፣ የሚቃረነው ነገር ምን እንዳለ ይጠየቃል፤ መልሱን ራሱ ያገኘዋል። አማካሪው የሰጠኝ የሐሳብ መመዝገቢያ ወረቀትም በእንግሊዝኛ የታተመና ከመደጋገሙ የተነሣ የደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ነበር። እኔ እንደምንም አነበብኩት፤ ከእኔ በኋላ ተራ ይጠብቁ የነበሩት እናት ግን ምን እንዳደረጉት እንጃ።

ከዚህ የሚከፋው የክፍሎቹ ነገር ነው። የምክር ክፍሉ ከመጠበቂያው የሚለየው በቺፑድ ብቻ ስለሆነ ውስጥ የሚለቀሰው ልቅሶ ውጭ ይሰማል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቴሌቪዥኑን ከፍ የምታደርገው ለዚሁ ይመስለኛል፤ መፍትሔው ግን ያ አይደለም። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ሰፈር ምስጢር ካልተጠበቀ ከሕክምናው ግማሹ ጠፍቷል። ማዕከሉ ሌላ ምንም ሳያስተካክል ይህን ግድግዳ ቢያስተካክል ይሻላል።

መድኃኒትን በተመለከተ በማዕከሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም የለም። ድባቴው ከበድ ሲል የንግግር ሕክምናና ፍሉኦክሰቲንን የመሰለ መድኃኒት አብረው ሲሰጡ እያንዳንዱ ለብቻው ከሚሰጠው የተሻለ ውጤት አላቸው፤ መድኃኒቱም ሥራውን የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ የሚከታተል ሐኪም ያስፈልጋል። ባለሙያዋ ይህን አይደብቁም፤ ነጥቡ ከፍ ያለውን ሰው በደብዳቤ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይልካሉ። ጠበል የሚሄዱትንም ጠበሉን ተው አይሉም፤ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጡ አጥብቀው ይነግራሉ። የራስን ሕይወት ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ደግሞ የዚህን ማዕከል ቀጠሮ ሳይጠብቅ፣ ብቻውን ሳይሆን ከሰው ጋር ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

ክፍያው በመሃል ከተማ ከሚጠየቀው ያነሰ ነው፤ የቡድኑ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ሊፍት የለም፤ ጉልበት ለሚያማቸው ሰዎች ሦስተኛው ፎቅ ሩቅ ነው። የሚሄድ ሰው ካርድ ሲያወጣ ሴቷን ባለሙያ በግልጽ ይጠይቅ፤ ወረፋቸው ረዘም ይላል፣ ቢጠበቅ ግን ይሻላል። ሁለተኛውን አማካሪ የሚያገኝ ሰው ደግሞ የቤት ሥራው ምን እንደሆነና በሚቀጥለው ቀጠሮ እንዴት እንደሚታይ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቀው፤ መልስ ካላገኘ ገንዘቡን ለቅዳሜው ቡድን ቢያውለው ይሻላል፤ ለወንዶችም ተመሳሳይ ቡድን ሊጀመር ነው ተብሎ ምዝገባው ካርድ ክፍሉ ዘንድ ተከፍቷል።