ከክፍል ጓደኞች ጋር ወይስ ከእናት ጋር?

የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሚሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነበር። አብዛኞቹ የተከተቡትም ትምህርት ቤት፣ ወላጅ አጠገባቸው ሳይኖር ነው።

ትምህርት ቤት ሲሆን እናት ጉሊቷን ትታ መምጣት የለባትም። የትራንስፖርት ወጪም የለም። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ስትሰለፍ ፍርሃቱ ይቀላታል። ግን ፍርሃት ይጋባል፤ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋም ትከተላለች። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ከመርፌ በኋላ ራስን መሳት ያጋጥማል። ስለዚህ ቁጭ ብሎ መወጋት፣ ከዚያም 15 ደቂቃ ያህል አረፍ ማለት ይመከራል። ይህን የሚከታተል አስተማሪ ካለ እናት ባትኖርም አያሳስበኝም።

ከእናት ጋር ጤና ጣቢያ መሄድ ለጥያቄ ይመቻል። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ውሸት መሆኑን እናት ራሷ ከነርሷ ብትሰማው ይሻላል። ልጅቷ አለርጂ ካለባትም ታስታውሳለች። ችግሩ፣ ልጅቷ ስለ ሰውነቷ መጠየቅ የፈለገችውን እናቷ ፊት ትውጠዋለች። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

እኔ ትምህርት ቤቱን እመርጣለሁ። ብቻ ማታውን ቤት ውስጥ ይወራበት፤ ጠዋትም ቁርሷን በልታ ትሂድ።