ቲኤስኤች ብቻ ወይስ ሙሉ የታይሮይድ ምርመራ?

ድካም ሲበዛ፣ ክብደት ሲለዋወጥ፣ ፀጉር ሲረግፍ ብዙ ሰው ታይሮይዱን (አንገት ላይ ያለችውን ሆርሞን አመንጪ እጢ) መመርመር ይፈልጋል። ግን የትኛውን ምርመራ?

ወጪ፦ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያነቃቃው ሆርሞን) አንድ ምርመራ ስለሆነ ይረክሳል። ሙሉው ታይሮይድ ራሷ የምታመነጫቸውን ሆርሞኖች ቲ3ንና ቲ4ን፣ አንዳንዴም የፀረ እንግዳ አካላትን ምርመራ ስለሚጨምር ኪስ ይጎዳል።

ቅለት፦ ልዩነት የለም። ደም የሚቀዳው አንዴ ነው።

የሚነግረን ነገር፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። ቲኤስኤች የሚመነጨው ከታይሮይድ ሳይሆን አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ እጢ ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ፒቱታሪ ትጮህበታለች፤ ቲኤስኤች ይጨምራል። ታይሮይድ ከልክ በላይ ሲሠራ ደግሞ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍ ያለ ቲኤስኤች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቁመው የታይሮይድ ሆርሞን ማነስን ነው። ብዙዎችን የሚያምታታው ይሄ ግልባጭ ነው። ችግሩ ራሷ ፒቱታሪ ላይ ከሆነ ግን ቲኤስኤች ብቻውን ያሳስታል፤ ነጻ ቲ4ን (ደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀውን ቲ4) መለካት የግድ ይሆናል።

ስጋት፦ ሙሉው ላይ ቁጥሩ ብዙ ነው። አንዱ ትንሽ ከመስመር ሲወጣ በከንቱ መደናገጥ አለ። በነገራችን ላይ፣ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰደው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን ሁለቱንም ሊያዛባ ይችላል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 2 ቀን ማቆም ይመከራል።

ለመጀመሪያ ማጣሪያ ቲኤስኤች ይበቃል። ለታይሮይድ ማነስ መድኃኒት ጀምሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ መጠኑን ለሚያስተካክልም እንደዚሁ። ቲኤስኤቹ ተዛብቶ ለተገኘ ወይም የፒቱታሪ ችግር ለተጠረጠረበት ሰፋ ያለው ይሻላል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጤናማ የሚባለው ልኬት ራሱ ስለሚለይ፣ ምርጫውን ለሐኪም ይተዉት።