ስትሪትኮምፕሊት፦ የከተማን የእግረኛ መንገድ በስልክ ለመመዝገብ

ስትሪትኮምፕሊት ለአንድሮይድ ስልክ የተሠራ፣ ክፍያም ማስታወቂያም የሌለው መተግበሪያ ነው። መንገድ ላይ ቆመው ሲከፍቱት በዙሪያዎ ያለውን የኦፕንስትሪትማፕ (በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነፃ የዓለም ካርታ) ካርታ ያወርድና የጎደለውን ይጠይቃል። እዚህ ጋ የእግረኛ መንገድ አለ? በየትኛው በኩል? ንጣፉ ምንድን ነው? ማታ መብራት አለው? ደረጃው መደገፊያ አለው? መልስዎ በቀጥታ ለሁሉም ክፍት በሆነው ካርታ ላይ ይገባል። ዊልቸር ተጠቃሚ፣ ዓይነ ስውር ወይም ልጅ ያዘለች እናት በደህና የምትሄድበትን መስመር ማቀድ ለሚፈልግ ማዘጋጃ ቤት ወይም ማኅበር ለመነሻ መረጃ ከዚህ የቀለለ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። ብቻውን ግን አይበቃም። የማይጠይቀውን ሳያውቁ የወጡ እንደሆነ ካርታው ሞልቶ መንገዱ ሳይታወቅ ይቀራል።

ከመውጣትዎ በፊት የኦፕንስትሪትማፕ አካውንት ይክፈቱ፤ የሚሠሩበትን ሰፈርም በዋይፋይ አውርደው ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ መልሶቹን ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው የቤት ቁጥርና የሱቅ ሰዓት ዓይነቶቹን ጥያቄዎች ያጥፉ፤ አለዚያ ስክሪኑ በምልክት ይሞላና ዋናው ይጠፋል። ከተማውን በሙሉ አይጀምሩ። ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ የሚወስድ፣ ከ1 ኪ.ሜ ያልበለጠ መስመር ይምረጡ። ሁለት ሰው ይውጣ፤ አንዱ ስልኩን፣ አንዱ ሜትሩን ይያዝ። በርከት ብላችሁ ከወጣችሁም ጥያቄዎቹን ለየሰዉ የሚያከፋፍል የቡድን አሠራር አለው።

በብዛት የሚታየው ስሕተት የግራና የቀኝ መቀያየር ነው። የእግረኛ መንገዱን ሲሞሉ የሚመጣው ሥዕል ከካርታው ጋር አብሮ ይዞራል። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታውን ፊትዎ ወደሚያይበት አቅጣጫ ያዙሩ፣ ከዚያ ይመልሱ።

ሁለተኛው የኛው ኮብልስቶን ነው። በአገራችን ኮብልስቶን የምንለው ተጠርቦ የተደረደረውን ድንጋይ ሲሆን በካርታው ቋንቋ ግን ስሙ የሚሰጠው ላልተጠረበ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ቃሉን ተከትሎ የመረጠ ሰው በዊልቸር እየነጠረም ቢሆን የሚታለፈውን መንገድ ጭራሽ የማይታለፍ ያደርገዋል። ከእያንዳንዱ አማራጭ ጋር ፎቶ ስላለ ጽሑፉን ትተው ጠርዙ የተጠረበውን ድንጋይ ፎቶ ይምረጡ።

ትልቁ ጉዳይ የከርቭስቶን፣ ማለትም የእግረኛ መንገዱ የጠርዝ ድንጋይ፣ ከፍታ ነው። መተግበሪያው ከፍ ያለ ነው፣ ዝቅ የተደረገ ነው ወይስ ከአስፋልቱ እኩል ነው ብሎ በሥዕል ይጠይቃል፤ ዝቅ የተደረገ የሚባለው ወደ 3 ሳ.ሜ ገደማ ያለው ነው። ችግሩ ጥያቄው የሚመጣው የእግረኛ ማቋረጫው ለብቻው በመስመር ተሥሎ ከርቭስቶኑ የሚገኝበት ነጥብ ካርታው ላይ ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ደግሞ መንገዱ የተሣለው በአንድ መስመር ነው። ጥያቄ አልመጣም ማለት ከርቭስቶን የለም ማለት እንዳይመስልዎ። መፍትሔው ቀድሞ በኮምፒውተር የኦፕንስትሪትማፕን ድረ ገጽ ከፍቶ በየዜብራው ላይ አስፋልቱን የሚያቋርጥ የእግረኛ መስመር መሣል፣ መስመሩ ከርቭስቶኑን በሚነካበት በሁለቱም በኩል የጠርዝ ነጥብ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ መተግበሪያው ነጥብ በነጥብ ይጠይቅዎታል። አሰልቺ ነው፤ ግን የመስመሩን ዕጣ የሚወስነው ይህ ሥራ ነው። 15 ሳ.ሜ ከፍታ ያለው አንድ ከርቭስቶን መወጣጫ ከሌለው ከፊቱም ከኋላውም ያለው ያማረ ንጣፍ ዋጋ የለውም። በ1 ለ12 ስሌት (ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት) እሱን ለመውጣት 1.80 ሜትር ርዝመት ያለው መወጣጫ ያስፈልጋል፤ በግማሽ ሜትር ሲሚንቶ አጣድፈው ያበጁት ዊልቸርን ወደ ኋላ ይገለብጣል።

የእግረኛ መንገዱን ስፋት አይጠይቅም፤ በሜትር ይለኩት። የሚለካው ደግሞ ከአጥር እስከ ጠርዝ ያለው ሙሉ ስፋት ሳይሆን ከመብራት ምሰሶው ወይም ከዛፉ ግንድ እስከ ጠርዙ የቀረው ነው። ሁለት ዊልቸር እንዲተላለፍ 1.80 ሜትር ይፈለጋል፤ በጠባቡ ቦታ ከ90 ሳ.ሜ ካነሰ አንዱም አይበቃው። ክዳኑ የተነሣ ማንሆል፣ የጉልት ገበያ፣ ባጃጅ የሚቆምበት ጥግ፣ ዝናብ ሲነካው የሚያንሸራትት ቴራዞ፣ ስለ እነዚህ ሁሉ ጥያቄ የለውም። ለዓይነ ስውራን የሚነጠፈው መሪ ታይል መኖሩን ይጠይቃል፤ ወዴት እንደሚመራ ግን አይጠይቅም። ታይሉ ምሰሶ ላይ ሄዶ የሚያልቅ ከሆነ ‹አለ› ብሎ ማለፍ አደጋ ነው። በማስታወሻ ቁልፉ ይጻፉት፣ ፎቶ ያያይዙ። ማስታወሻው ሲዘጋ ፎቶው ከጊዜ በኋላ ስለሚሰረዝ ቅጂውን ያስቀምጡ። ማስታወሻው ለዓለም ክፍት ነውና የሰው ፊትና ስም አይግባበት።

ዳገትም የራስዎ ሥራ ነው። ባሕር ዳር ላይ ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ደሴና ጎንደር ላይ ወይም በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ግን ሳይለኩት ማለፍ አይቻልም። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ጣውላና ውሃ ልክ ይያዙ። የጣውላውን አንድ ጫፍ በዳገቱ በኩል መሬት ላይ አሳርፈው ሌላውን ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ያንሡ። ከሥሩ የተፈጠረው ክፍተት 6 ሳ.ሜ ከሆነ ዳገቱ 6 በመቶ ነው።

መረጃው ከገባ በኋላ ኦፕንሩትሰርቪስ በሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ የዊልቸር አማራጩን መርጠው መስመር ያውጡ። የሚፈቅዱትን የዳገትና የጠርዝ ከፍታ ልክ ያስገባሉ፤ 6 በመቶና 6 ሳ.ሜ መነሻ ይሆናሉ። የሚያወጣው መስመር ከገባው መረጃ አይበልጥም፤ ያልተመዘገበ ከርቭስቶን አያስቆመውም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ከመታተሙ በፊት አንድ ዊልቸር ተጠቃሚና አንድ ነጭ በትር የሚይዝ ሰው በመስመሩ ይሂዱበት፣ በቀንም በማታም። ገና እየተቆፈረና እየተነጠፈ ባለ ጎዳና ላይ ከሆኑ ደግሞ ንጣፉ ሳያልቅ አይመዝግቡ፤ ቀኑን የጻፉበት አንድ ማስታወሻ ትተው ሥራው ሲያልቅ ይመለሱ።