የራንግለር በር ስታወልቁ፦ የቱቦ በር ወይስ ግማሽ በር? የወለቀውስ የት ይቀመጥ?

ሰመር በገባ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «የጂፑን በር ላወልቅ ነው፣ ምን ልግዛ?» በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ራንግለር የያዙ ጓደኞቼ እየበዙ ነው፤ ጥያቄውም አብሮ በዝቷል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ደህና የቱቦ በር፣ ማለትም ከብረት ቱቦ ተበይዶ የተሠራ መስታወት የሌለው ክፍት በር፣ ከነስፖኪዮው ግዙ። የወለቀውን የፋብሪካ በር ደግሞ ጎማ ባለው የበር ጋሪ ላይ አስቀምጡ። ግማሽ በር፣ ማለትም የታችኛው ግማሽ ብቻ ያለው በር፣ ያምራል፣ አልክድም። ግን በዚያ ዋጋ አይገዛም።

ዋጋውን እንየው። ጂፕ ለጄኤል (ለአዲሱ ትውልድ) ራንግለር ሙሉና ግማሽ በር አንድ ላይ የሚሰጥበትን አማራጭ ሲያመጣ ለባለ ሁለት በሩ 2,350፣ ለባለ አራት በሩ 3,995 ዶላር ነበር የጠየቀው። አራት ሺህ ዶላር ማለት ነው፣ በዓመት ጥቂት ወር ለሚገጠም በር! ከሌላ አምራች የሚገዛው ግማሽ በር ረከስ ይላል። ግን ብዙው ሳይቀባ ጥቁር ሆኖ ነው የሚመጣው። ከመኪናው ቀለም ጋር ላመሳስለው ስትሉ ቀለም ቀቢው የሚጠይቃችሁን ስትሰሙ ርካሹ በር ርካሽ መሆኑ ይቀራል።

የቱቦ በርስ? ጥሩ ብየዳና ጥሩ ቀለም ያለው ለአራቱም በር ከ600 እስከ 900 ዶላር ይገኛል። የፊት ሁለቱን ብቻ ከፈለጋችሁ የዋጋው ግማሽ ይበቃል። ልጅ ከኋላ የማይጭን ሰው የፊቱን ብቻ ቢገዛ ምንም አይጎድልበትም። በዚህ ላይ ለጋሪ ሁለት መቶ ዶላር ገደማ ጨምሩ። ከግማሽ በሩ ሒሳብ በሚተርፈው አምስት ጥሩ ጎማ ገዝታችሁ ገና ገንዘብ ይቀራችኋል።

ግማሽ በር የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ፤ ዝናብ። ከላይ የሚሰካው የጨርቅ መስኮት አለው። የእኛን አካባቢ የሰመር ከሰዓት በኋላ ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መኪናውን በየቀኑ ለሥራ የምትነዱና ጋራዥ የሌላችሁ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ግማሽ በር ይቆለፋል» የሚለውን ግን አትቀበሉ። የጨርቁን ዚፕ መክፈት ለሌባ ምኑም አይደለም። በሁለቱም በር ቢሆን ዕቃችሁን የሚጠብቅላችሁ የሚቆለፈው የዳሽቦርድ ሳጥንና የመሐል ኮንሶል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ጥሩውን የቱቦ በር አስመስሎ ወደሚሠራው ርካሽ ኮፒ። ኢንተርኔት ላይ የፊት ጥንዱን በ150 ዶላር የሚሸጡ አሉ። ፎቶው ከጥሩው ጋር አንድ ነው። አንድ ወዳጄ ገዛ። በሩ ተገጠመ፣ ተዘጋም። ችግሩ ማጠፊያው ውስጥ ነበር። በማጠፊያው ዘንግ ላይ መኖር ያለበት ቀጭን የፕላስቲክ ቡሺንግ (ብረት ከብረት እንዳይፋቅ የሚለይ ቀለበት) የለውም። ብረቱ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር የመኪናውን ማጠፊያ ይፍቃል። የጄኤል በርና ማጠፊያ አሉሚኒየም ነው። ቀለሙ ከተፋቀና ጨውና እርጥበት ካገኘው እንደ ብረት ቀይ አይዝግም፤ ቀለሙ ሥር ነጭ ዱቄት ያወጣና እንደ ቁስል ያብጣል። ወዳጄ ሜሪላንድ አሳቲግ ደሴት የባሕር ዳር አሸዋ ላይ እየነዳው ነበር የከረመው። በመከር በሩን ሲያወልቅ አራቱም ማጠፊያ ተፍቆ ነበር። ቀለሙን ለማስተካከል የከፈለው የበሩን ዋጋ ሦስት እጥፍ ነው።

ሌላው የኮፒው ጉድ ማሰሪያው ነው። የፋብሪካ በር ከመጠን በላይ እንዳይከፈት የሚይዘው ማሰሪያ አለው። በርካሹ በር ላይ ያለው ቀጭን ጨርቅ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሹን የለውም። ዳገት ላይ ቆማችሁ ስትከፍቱት ወይም ነፋስ ሲገፋው በሩ ወደፊት ይወረወርና ላሜራውን ይመታል። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለቱን ብቻ ጠይቁ፦ ቡሺንግ አለው? ማሰሪያ አለው? ሻጩ ካመነታ ተዉት።

በዓመተ ምህረት ብቻም አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጂፕ ሁለት ራንግለር ሸጧል፤ አሮጌውን ጄኬና አዲሱን ጄኤል። በራቸው አይገናኝም። «ለ2018 ራንግለር» ተብሎ የተጻፈ ማስታወቂያ አይበቃም፣ ፊደሉን እዩ። የጂፕን ፒክአፕ፣ ግላዲያተር፣ ያላችሁ ግን የጄኤል የፊት በር ይገጥምላችኋል።

ስፖኪዮን አትርሱ። የራንግለር ስፖኪዮ በሩ ላይ ስለሆነ በሩ ሲወልቅ አብሮ ይሄዳል። ቨርጂኒያ ውስጥ ቢያንስ አንድ የውጭና አንድ የውስጥ መስታወት ግዴታ ነው፤ ፖሊስ ያስቆማችኋል። ማጠፊያው ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ሃያ ዶላር ስፖኪዮ አለ። ከተማ ውስጥ ይሠራል። ሐይዌይ 495 ላይ ፍጥነት ስትጨምሩ ግን እየተንቀጠቀጠ ከኋላ ያለው የጭነት መኪና ይሁን አውቶሞቢል አይለይላችሁም። ለዚህ ነው «ከነስፖኪዮው» የምለው፤ ስፖኪዮው በበሩ ቱቦ ላይ በሁለት ብሎን የሚታሰር ወፍራም እጅ ያለው መሆን አለበት። ፎርድ ብሮንኮ ያላችሁ ከዚህ ተገላግላችኋል፤ የእናንተ ስፖኪዮ አካሉ ላይ ስለሆነ በሩ ቢወልቅም ይቀራል። የባለ አራት በሩ ብሮንኮ በሮች የመስኮት ፍሬም ስለሌላቸው የመኪናው ሻንጣ ቦታ ውስጥ ይገባሉ። በዚህ በኩል ፎርድ ጂፕን በልጦታል።

መፍታቱ ከባድ አይደለም። ባትሪው ሳይቋረጥ የመስኮቱን መስታወት ወደ ታች አውርዱ፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ አይወርድም። ከዳሽቦርዱ ሥር ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን አንሱ፣ ቀይዋን መቆለፊያ ስባችሁ ሶኬቱን ንቀሉ። ማሰሪያውን ፍቱ። የማጠፊያው ብሎን ባለ ኮከብ ቲ50 ነው። በእጅ ፍቱት፣ በኤሌክትሪክ መፍቻ አይሆንም፤ አሉሚኒየም ላይ ጥርሱ ከተበላ ወጪው የትየለሌ ነው። በሩን ለሁለት ሆናችሁ አንሱት።

ከዚያ የት ይቀመጥ? ብዙ ሰው ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ግድግዳ ያስደግፈዋል። ነጻ ነው፣ ግን በሩ ይንሸራተታል፤ ዙሪያው ያለው ጎማም ተጨፍልቆ ሲመለስ ውኃ ያስገባል። የግድግዳ መስቀያ ጥንዱ ከ40 እስከ 80 ዶላር ነው። የራሳችሁ ቤትና ጋራዥ ካላችሁ መጥፎ አይደለም። ብሎኑ ግን ከጅብሰሙ ኋላ ያለውን የእንጨት ቋሚ ማግኘት አለበት። ቋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ኢንች ርቀት ናቸው፤ ፈልጉት። ጅብሰም ላይ ብቻ የተሰቀለ በር አንድ ቀን ሌሊት ይወርዳል።

ጋሪውን የምመርጠው በሩን ከትከሻ በላይ ማንሳት ስለማያስፈልግ ነው። ከመኪናው ጎን ገፍታችሁ ታቆሙታላችሁ፣ በሩ ከማጠፊያው ወጥቶ በወገብ ከፍታ ቀጥ ብሎ ይገባል። አራቱም በአንድ ጋሪ ላይ ይቆማሉ። ተከራይ ብትሆኑም ግድግዳ አትበሱም። ጋሪውን ስትገዙ ጎማውን እዩ፤ የፕላስቲክ ጎማ ያለው በመጀመሪያው ሰመር ይሰበራል። አፓርታማ ላይ ሆናችሁ ለበር ማስቀመጫ ብቻ በየወሩ መጋዘን የምትከራዩ ካላችሁ ደግሞ በሩን ባታወልቁ ይሻላል። የኪራዩ ሒሳብ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የበሩን ዋጋ ያልፋል።

መግዣው ጊዜ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ያኔ ሰው የቱቦ በሩን አውልቆ ቦታ ስለሚያጣበው በግማሽ ዋጋ ይለቃል። ልታዩ ስትሄዱ የቲ50 መፍቻችሁን ያዙ፣ አንዱን በር እዚያው በራሳችሁ መኪና ላይ ግጠሙትና ክፈቱ ዝጉት። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።