ሐዋሳ ላይ ላፕቶፕ ለምታሠሩ፦ ፒያሳ ያለውን ልጅ ልጠቁማችሁ

ሰላም ሐዋሳዎች። ዛሬ አንድ ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው። ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ቦታውን እነግረዋለሁ።

ሥራዬ ሂሳብ ነው። የብዙ ነጋዴዎች መዝገብ ያለው እኔ ላፕቶፕ ላይ ነው። ለሐምሌ ግብር ሽር ጉድ ስንል ላፕቶፑ መንቀራፈፍ ጀመረ፤ አንድ ፋይል ለመክፈት ዕድሜ ይፈጃል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይደርቃል። መጀመሪያ ያሳየሁበት ሱቅ ገና ከቦርሳው ሳይወጣ "ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ ይጫንበታል፣ ማታ ይውሰዱት" አለኝ። ይሄኛው ልጅ ግን ምንም ከመንካቱ በፊት "ምን ምን ይሠሩበታል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ሥራዬን ያተረፈልኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም አለኝ፤ ስሙ ሴጅ 50 ከመባሉ በፊት የነበረው የድሮው። የጫነልኝ ሰው ከተማ ለቋል፣ መጫኛውም አብሮት ሄዷል። አማርኛ የምጽፍበት ፓወር ግዕዝም አለ። በሱ የተጻፉ የዓመታት ደብዳቤዎች ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው የሚሆኑት። ፎርማት ቢደረግ ፕሮግራሙ ሁሉ ድራሹ ይጠፋ ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ "የእርስዎን ክሎን ነው የምናደርገው" አለ። ዊንዶውሱም፣ ፕሮግራሙም፣ ሴቲንጉም እንዳለ ወደ አዲስ ኤስኤስዲ (ከድሮው ሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ይገለበጣል ማለት ነው።

አጠገቡ ቁጭ ብዬ አየሁት። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል ፕሮግራም የዲስኩን ጤና ሲያሳየኝ ቢጫ ሆኗል፤ የተበላሹ ሴክተሮች (መረጃ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ ቦታዎች) አሉበት። ክሎን ሲደረግ ዲስኩ ያለ ዕረፍት ስለሚነበብ፣ የደከመ ከሆነ መሃል ላይ ሊሞት ይችላል አለኝ። ስለዚህ አስቀድሞ የፒችትሪውን ባክአፕና ሰነዶቼን ኤክስተርናል ላይ አወጣ። አሮጌው 500 ጊጋ፣ አዲሱ 256 ስለሆነ ይበቃል ወይ ብዬ ሰግቼ ነበር። ወሳኙ ለካ የተያዘው ቦታ ነው፤ የኔ 180 ጊጋ ስለማይሞላ ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍል) አጥብቦ አስገባው። ሲጨርስ አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን ብቻውን አስነሳ፣ ምክንያቱም ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት መለያ ስለሚይዙ አብረው ከተሰኩ ዊንዶውስ ሊምታታበት ይችላል። አሮጌውን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ቀኑን ጽፎበት ሰጠኝ። "ሁሉም መኖሩን ሳያረጋግጡ እንዳያጠፉት።" አሁን ማብሪያውን ተጭኜ ወንበሬን ሳላስተካክል ይከፈታል።

ይበልጥ ያከበርኩት ግን የእህቴን ላፕቶፕ ስወስድለት ነው። እሷም ኤስኤስዲ ማስገባት ፈልጋ ነበር። "እንደኔው ክሎን አድርግላት" አልኩት። እምቢ አለ። የሷ ዲስክ ደህና ነው፤ ችግሩ ማስታወቂያ በየደቂቃው እየዘለለ ይመጣባታል፣ ብራውዘሯም ወደማታውቀው ገጽ ይወስዳታል። ክሎን ደግሞ ቫይረሱንም አብሮ ነው የሚገለብጠው። ስለዚህ የሷ ከዜሮ ይጫን አለ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃና ማሽኗም ስለሚችል በዚያው 11ን ጫነላት። ዊንዶውሷ ከላፕቶፑ ጋር የመጣ ስለሆነ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ሆነ። "የኔ ፋይል ዲ ላይ ነው፣ ሲን አጥፋው" ስትለው ግን ዝም ብሎ አላጠፋም። ዴስክቶፕና ዳውንሎድስ ዊንዶውስ ባለበት ክፍል፣ ሲ ውስጥ እንደሚቀመጡ ከፍቶ አሳያት። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያው ዴስክቶፕ ላይ ነበር! መጀመሪያ እሱን አወጣላት።

ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሥራ ሠርቶ ገንዘቡን መቀበል ይችል ነበር፤ ማን ያውቅበታል? ዋጋውን አስቀድሞ ይናገራል፣ ኤስኤስዲውን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሄዱም ቅር አይለውም። ወንድሜ፣ ይህን ካየኸው እጅህ ይባረክ።

የምትሄዱ ሰዎች ቻርጀር ያዙ። የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞችም በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የበራበት ላፕቶፕ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ያዙ። ከሰዓት ወረፋ ስለሚኖር ጠዋት ይሻላል።