የፒያሳ መነጽርና የፋርማሲ ግሊሰሪን፦ የሞለኪውል ሽክርክሪት ለማየት ይበቃሉ?

አረንጓዴ የሌዘር መብራት፣ ፖላራይዝድ መነጽር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ሮዝ ሃይላይተር፣ ለቆዳ የሚቀባ ግሊሰሪን፦ ጎንደር ፒያሳ ዞር ዞር ብሎ ለሚገዛ ሰው ሙከራው ይኸው ነው። ምርጡ ዕቃ ግሊሰሪኑ ነው፣ አስቸጋሪው ደግሞ ሌዘሩ።

ከሃይላይተሩ ቀለም ሁለት ሁለት ጠብታ ውሃና ግሊሰሪን ውስጥ በጥብጡ፤ ፈዛዛ ሮዝ ይበቃል። ሲደምቅ ሞለኪውሎቹ ጉልበት ስለሚቀባበሉ ውጤቱ ይበላሻል። የመነጽሩን ሁለት ሌንሶች አውጡ። አንዱን ሌዘሩ ፊት አቁሙ፣ ሌላውን ከጎን ሆናችሁ እያዞራችሁ ፍካቱን እዩበት። ግሊሰሪኑ ውስጥ ብርሃኑ ይደምቃል፣ ይደክማል፤ ልዩነቱ 3 እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ውሃው ውስጥ ለውጥ አይታይም ማለት ይቻላል። ቀለሙ ሮዳሚን የሚባለው የሚፈካ ቀለም ከሆነ የዋጠውን ብርሃን እስኪመልስ 4 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ገደማ ይቆያል፤ ውሃ ውስጥ ግን ሞለኪውሉ ብርሃኑን ሳይመልስ በ0.2 ናኖሰከንድ አካባቢ ዞሮ አቅጣጫው ይጠፋበታል። ግሊሰሪን በ20 ዲግሪ ከውሃ 1400 እጥፍ ገደማ ዝልግልግ ስለሆነ እንደ ጭቃ ይይዘዋል። ጠርሙሱን 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ብትዘፈዝፉት ልዩነቱ ወደ 2 እጥፍ ይወርዳል።

ግሊሰሪኑ ውስጥ 10 በመቶ ውሃ ቢኖር ግድ የለም። ግማሽ በግማሽ የተበረዘው ግን ለፊት እንጂ ለዚህ አይሆንም።

መነጽሩን ሳትከፍሉ በፊት ከሌላ ጋር ደራርባችሁ አዙሩት፤ ካልጨለመ ፖላራይዝድ የሆነው ተለጣፊው ብቻ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ብርሃኑ የሚርገበገብበትን አቅጣጫ ስለሚያዛባ ተዉት። ብርሌም ያምራል እንጂ ሆዱ ጨረሩን ያጣምመዋል፤ ጎኑ ለጥ ያለ የመስታወት ጠርሙስ ፈልጉ። ከሚታይበት ሌንስ ፊት ብርቱካናማ ሴሎፎን ካልተደረገ የተበተነው የሌዘር ብርሃን ራሱ ያታልላል። በስልክ ስትቀርጹ የካሜራውን ብርሃን ቆልፉት፤ አለበለዚያ ስልኩ ራሱ ያስተካክልና ልዩነቱን ይደብቀዋል።

ይህ ሁሉ ግን ሰዓት የለውም፤ ሞለኪውሉ በስንት ጊዜ እንደሚዞር አይለካም። የውሃ ሞለኪውል ራሱ በ2 ፒኮሰከንድ (የናኖሰከንድ ሺኛ) ገደማ ይዞራል፤ እሱን ለመለካት የፌምቶሰከንድ (የፒኮሰከንድ ሺኛ) ሌዘር ሁለት ምት ይፈልጋል፦ አንዱ ይቀሰቅሳል፣ ሁለተኛው ዘግይቶ ደርሶ ያያል። መዘግየቱ የሚለካው ብርሃኑን በሚመልስ መስታወት ነው፤ 0.15 ሚሊሜትር ወደኋላ ሲገፋ ብርሃኑ ደርሶ መልስ 1 ፒኮሰከንድ ይዘገያል።

ወደ ሌዘሩ ስንመለስ፦ አረንጓዴው 532 ናኖሜትር የሚወጣው ከማይታየው 1064 ናኖሜትር ነው፣ ርካሾቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይህን የማይታይ ብርሃን የሚያስቀር ማጣሪያ የላቸውም። ሲሞቁ ብርሃናቸው የሚርገበገብበት አቅጣጫ ስለሚዋዥቅ ከሌንሱ ጀርባ ፍካቱ ይንቀጠቀጣል። 5 ሚሊዋት የሚል ጽሑፍ አትመኑ፤ ወደ ዓይን ፈጽሞ እንዳይዞር፣ ከጠርሙሱ ጀርባም ጥቁር ካርቶን ይቁም።